ማኅደሩ ሌላ፣ መጽሐፉ ሌላ

የዳታቤዝ ቅጥያ አስተካካይ ማለት በአንድ ፎልደር ውስጥ የተከማቹ የዳታቤዝ ፋይሎችን አንድ በአንድ እየመረመረ፣ በስማቸው መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የተንጠለጠሉትን ሦስት አራት ፊደላት ከይዘታቸው ጋር የሚያስማማ ትንሽ ፕሮግራም ነው። መስኮት የለውም፤ በማውስ የሚነካ ሥዕልም የለውም። የሚታዘዘው በጥቁሩ ስክሪን ላይ በሚጻፍ አንድ መስመር ነው። ሥራውን ሲጨርስ «እንኳን ደስ አለዎት» አይልም፤ ዝም ካለ ተሳክቷል፣ ከተናገረ ተቸግሯል። በዚህ ጠባዩ ከቢሮ ሰው ይልቅ ለመናኝ ይቀርባል።

ቅጥያ የሚለው ቃል በመማሪያ መጻሕፍት ላይ አለ እንጂ ባሕር ዳር ላይ የሚነገረው «ኤክስቴንሽን» ነው። አለመግባባቱም ከዚሁ ይጀምራል። ከግድግዳው ሶኬት እስከ ጠረጴዛው የሚጎተተው ባለብዙ ቀዳዳ ገመድ ኤክስቴንሽን ነው። ቀን ሠርቶ ማታ በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የሚማር ሰው የኤክስቴንሽን ተማሪ ነው። ገበሬው ማሳ ድረስ ወርዶ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር የሚያስረዳው የኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው። የቢሮው ስልክ የውስጥ መስመር ኤክስቴንሽን ነው፤ ፀጉር ቤት የሚቀጠለውም እንዲሁ። ስለዚህ የአንድ ክፍል ኃላፊ «የዳታቤዞቹ ኤክስቴንሽን በሙሉ ይስተካከል» ብሎ ማስታወሻ ቢጽፍና ንብረት ክፍል ከሰዓት በኋላ አሥር ማከፋፈያ ገመድ ወጪ አድርጎ ቢያመጣ የሚወቀስ ሰው የለም። ገመዶቹም ቢሆኑ ይፈለጋሉ።

ቅጥያ የተወለደው ከእጥረት ነው። ጋሪ ኪልዳል እ.ኤ.አ. በ1974 የሠራው ሲፒኤም የተባለው ስርዓት ለአንድ ፋይል ስም ስምንት ፊደል፣ ለዓይነቱ ደግሞ ሦስት ፊደል ፈቀደ፤ በ1981 የመጣው ዶስም ይህንኑ ልክ ወረሰ። ስምንት ፊደል ለጆን ይበቃል። ገብረ እግዚአብሔር የተባለ ሠራተኛ ፋይል ግን በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ገብረእግዝ» ላይ ሲደርስ ቦታው ያልቃል፤ አገልጋዩ ሙሉውን ሲገባ ጌታው በር ላይ ቀረ። በ1995 ዊንዶውስ 95 ረጅም ስም ፈቀደና ይህ ችግር ተቃለለ። ሆኖም እዚያው ላይ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች ከተጠቃሚው ዓይን መሰወር ጀመረ፤ ዛሬም ካልተነገረው በቀር ይሰውራል። ሐሳቡ ሰውን ላለማደናገር ነበር። ውጤቱ በግንቦት 2000 ዓለምን ያመሰው የፍቅር ደብዳቤ ቫይረስ ሆነ፦ መጨረሻው ስለተሰወረ ተራ ጽሑፍ መስሎ ታየ፤ በፍቅር ስም የመጣን ደብዳቤ ሳይከፍት የሚያልፍ ደግሞ ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ የኮምፒውተር ቤቶች የሚያስታውሱት ግን ከዚያ በኋላ በፍላሽ የተዛመተውን፣ የፎልደር ሥዕል ለብሶ «ኒው ፎልደር» የሚል ስም የያዘውን ፕሮግራም ነው። ፎልደር ነው ብሎ ሁለቴ የጫነው ሁሉ ለቫይረሱ በሩን ከፈተለት።

የዳታቤዝ ፋይሎች ቅጥያ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የተመሰቃቀለ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ይዞ መጥቷል። በ1980ዎቹ በየቢሮው የነገሠው ዲቤዝ «ዲቢኤፍ»ን አመጣ፤ ፎክስፕሮም ተቀበለው። ማይክሮሶፍት አክሰስ በ1992 «ኤምዲቢ»ን ይዞ ገባ፤ ከ2007 እትሙ ጀምሮ ደግሞ «ኤሲሲዲቢ» አለ። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 የጀመረው ኤስኪውላይት፣ ዛሬ በእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠር ፋይል ያለው፣ ለፋይሉ የግዴታ ቅጥያ አላወጣም። ስለዚህ አንዱ «ዲቢ»፣ ሌላው «ዲቢ3»፣ ሌላው «ኤስኪውላይት»፣ ሌላው «ኤስኪውላይት3» ይለዋል። «ዲቢ» ደግሞ የብዙ ሰው ስም ነው፦ የጥንቱ ፓራዶክስ ሠንጠረዦቹን «ዲቢ» ይል ነበር፤ ዊንዶውስ የፎቶዎችን ጥቃቅን ምስል የሚያጠራቅምበትም ፋይል መጨረሻው «ዲቢ» ነው። አንድን ፋይል «ዲቢ» ብሎ መለየት ቅዳሜ ገበያ መካከል ቆሞ «አንተነህ!» ብሎ እንደ መጣራት ነው፤ የሚዞረው ሰው አይቆጠርም።

አንዳንዱ ቅጥያ የተለወጠው ከባሰ ችግር ለማምለጥ ነው። ኢንተርቤዝ የተባለው ዳታቤዝ ፋይሎቹን «ጂዲቢ» ይላቸው ነበር። የዊንዶውስ ሚ እና የዊንዶውስ ኤክስፒ የማዳኛ አገልግሎት ይህን ቅጥያ ከስርዓቱ ፋይሎች ዝርዝር ውስጥ ስላስገባው፣ ዳታቤዙ በተነካ ቁጥር ኮፒ ሊያስቀምጥለት ይነሣ ነበር፤ ማሽኑም ያቃስት ነበር። ከኢንተርቤዝ የተወለደው ፋየርበርድ «ኤፍዲቢ» ብሎ ስሙን ቀየረና ተገላገለ። የቀረውን «ጂዲቢ» የካርታ ሰዎች ወሰዱት፤ በእነሱ ቤት ግን ጂዲቢ ፋይል ሳይሆን ሙሉ ፎልደር ነው። ይህን የማያውቅ ቅጥያ አስተካካይ አንድ መዝገብ የቀየረ መስሎት አንድ ሰፈር ያፈናቅላል።

አሁን ከከተማው ቢሮዎች በአንዱ፣ በየትኛውም ቢሆን፣ የጋራ ተብሎ የተሰየመውን ፎልደር መክፈት ይቻላል። «ደመወዝ» አለ። «ደመወዝ የመጨረሻ» አለ። «ደመወዝ የመጨረሻ እውነተኛው» እና «ደመወዝ አትንኩ» አሉ። ከእነዚህ መካከል የሚሠራበት «ኮፒ ኦፍ ደመወዝ» የሚለው ነው፤ ይህን የሚያውቁት ግን አንዲት የፋይናንስ ባለሙያ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የወሊድ ፈቃድ ላይ ናቸው። ቅጥያዎቹን ያየ ደግሞ «ባክ»፣ «ኦልድ»፣ «ኤምዲቢ1»፣ «ኤምዲቢ የድሮ» ያገኛል። ከነጥቡ በኋላ የራሱን ስም የጻፈም ሠራተኛ አይጠፋም፤ የእሱ መሆኑ እንዲታወቅለት ነው። ከሁሉ የሚገርመው በ«ጄፒጂ» የሚያልቀው ዳታቤዝ ነው። ለዚህ ግን በቂ ምክንያት አለው። አውትሉክ «ኤምዲቢ» የተባለ አባሪን አደገኛ ነው ብሎ ያግዳል፤ ብልህ ሠራተኛ ስሙን ወደ ፎቶ ይለውጥና ይልካል፤ የተቀበለው ወገን መልሶ መለወጥ እንዳለበት የሚነገረው በስልክ ነው፤ ስልኩ ደግሞ አይነሣም። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል፦

«ጋሼ፣ የላኩልን ፎቶ አልከፈት አለ።»

«ፎቶ አይደለም የኔ ልጅ፤ የሐምሌ ደመወዝ ነው።»

ለዚህ ሁሉ መጀመሪያ የሚታሰበው መድኃኒት ከዶስ ዘመን ጀምሮ ያለው የስም መቀየሪያ ትእዛዝ ነው። በኮከብ ምልክት «በኤምዲቢ የሚያልቀው ሁሉ በኤሲሲዲቢ ይለቅ» ይባላል፤ ሺህ ፋይል በአንድ ትንፋሽ ይለወጣል። የአሠራሩ ጉድለት ምንም አለመመርመሩ ነው። «ጄፒጂ» የተባለውን ደመወዝ ዓይቶ ያልፈዋል፤ በስህተት «ኤምዲቢ» የተባለውን የሠርግ ፎቶ ደግሞ ወደ አዲሱ ትውልድ ያሳድገዋል። ደህናው መሣሪያ ከዚህ የሚለየው ስሙን ከመንካቱ በፊት ፋይሉን ገልጦ ማየቱ ላይ ነው። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ የዩኒክስ ስርዓት ከ1973 ጀምሮ «ፋይል» የምትባል ትንሽ ትእዛዝ አለችው፤ ሥራዋ የአንድን ፋይል የመጀመሪያ ባይቶች አንብባ ምን እንደሆነ መናገር ነው።

ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ይህን ለማስረዳት ኮምፒውተር መክፈት አያስፈልግም። በዘጌና በደሴቶቹ ገዳማት ዕቃ ቤት የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር ገብቶ፣ በማንገቻው ከችካል ላይ ይንጠለጠላል። የመዝገብ ቤት ሰው የሠራተኛን ፋይል እስከ ዛሬ «የግል ማኅደር» የሚለው ያለ ነገር አይደለም። ዳዊትም ይሁን ገድል፣ ተአምረ ማርያምም ይሁን ወንጌል፣ ከውጭ ሲታይ ቆዳ ነው። የትኛው የት እንዳለ ዕቃ ቤት ጠባቂው ያውቃል። እንግዳ ግን ከማኅደሩ አውጥቶ የመጀመሪያውን ቅጠል መግለጥ አለበት፤ «በስመ አብ» ከሚለው ቀጥሎ መጽሐፉ ራሱ ማንነቱን ይናገራል። ማኅደር መቀያየር ደግሞ ያለ ነው፤ አንዱ ሲቀደድ የሌላውን ያጠልቁለታል።

የግእዝ ሊቁ ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 የጣናን ገዳማት መጻሕፍት ፎቶ ሲያነሡ የሠሩት ሥራ፣ ያለ ኮምፒውተር የተሠራ ቅጥያ ማስተካከል ነው ቢባል ብዙ አያስተችም። እያንዳንዱን መጽሐፍ ገልጠው ምንነቱን ካወቁ በኋላ ለሁሉም «ጣናዜ» የሚል የጋራ ስም ከተራ ቁጥር ጋር ሰጡ፤ ቃሉ በጀርመንኛ የጣና ሐይቅ ማለት ነው። የክብራን ገብርኤሉ ባለ ሥዕል ወንጌል «ጣናዜ 1» ተባለ። ካታሎጉ በ1973 እና በ1977 በሁለት ቅጽ ታተመ፤ ሦስተኛውን ቅጽ ቬሮኒካ ዚክስ በ1999 አወጡ። ዛሬ በየትኛውም አገር ያለ አጥኚ «ጣናዜ 1» ካለ ክርክር የለም። ልብ መባል ያለበት ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ ማንበብ፣ ቀጥሎ መለየት፣ ስም በመጨረሻ። ቢሮዎች በተቃራኒው ይሄዳሉ፤ መጀመሪያ ስሙን ያወጣሉ፣ ማንበቡ ይቀራል።

የዳታቤዝ ፋይሎችም የየራሳቸው «በስመ አብ» አላቸው። ኤስኪውላይት በመጀመሪያዎቹ 16 ባይቶች ላይ ስሙንና «ፎርማት 3» የሚለውን በግልጽ ጽፎ በአንድ ባዶ ባይት ይዘጋል። አክሰስ አራት ባይት ዘልሎ በ«ኤምዲቢ» ውስጥ «ስታንዳርድ ጄት ዲቢ»፣ በ«ኤሲሲዲቢ» ውስጥ «ስታንዳርድ ኤስ ዲቢ» ይላል። እነዚህ ምስክርነታቸው የታመነ ነው፤ «ጄፒጂ» የሚል ካባ ቢደረብባቸውም አይለወጡም። ዲቢኤፍ ግን ቁጥብ ነው። የሚሰጠው አንዲት ባይት ነው፤ 3 ከሆነች ተራ ዲቤዝ፣ 131 ከሆነች ማስታወሻ ያለው፣ 48 ከሆነች ቪዥዋል ፎክስፕሮ። በአንዲት ባይት ደግሞ ማንም ሊሳሳት ይችላል፤ በ3 የሚጀምር ፋይል ሁሉ ዲቢኤፍ አይደለም። ስለዚህ ጥሩ መሣሪያ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቃል። ቀጣዮቹ ሦስት ባይቶች ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበት ዓመት፣ ወርና ቀን መሆን አለባቸው፤ ወሩ ከ12 ከበለጠ ይህ ዲቢኤፍ አይደለም ብሎ ያሰናብተዋል። ጳጉሜን አለማወቅ የጠቀመበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው። በመጨረሻም የመዝገቦቹን ብዛት በአንዱ መዝገብ ርዝመት አባዝቶ፣ የራስጌውን ርዝመት ደምሮ፣ ድምሩ ከፋይሉ መጠን ጋር መቀራረቡን ያያል። ሒሳቡ ከገጠመ ዲቢኤፍ ነው።

ይዘቱን ማወቅ ግን ብቻውን አይበቃም፤ እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሰናከላል። ከአንድ ደንገል ታንኳም ይሠራል፣ ቅርጫትም ይሠራል፤ ሁለቱም ደንገል ናቸው ተብሎ ግን ገበያ የሄደችው ሴት ቅርጫቷን ሐይቁ ላይ አትጥልም። ኤስኪውላይት እንደዚያ ደንገል ነው። የካርታ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት «ጂፒኬጂ» ውስጡ ኤስኪውላይት ነው። የቤት ለቤት ጥናት መረጃ የሚሰበሰብበት የሲኤስፕሮ ፕሮግራም «ሲኤስዲቢ»ም ውስጡ ኤስኪውላይት ነው። መሣሪያው «ይዘታችሁ አንድ ነው፤ ስማችሁም አንድ ይሁን» ቢላቸው በይዘት ረገድ አልዋሸም፤ በማግስቱ ግን መጠይቁን የሞላው ልጅ ፋይሉን ከዝርዝሩ ያጣዋል። ኤስኪውላይት ለዚህ መፍትሔ አለው፤ ከ68ኛው ባይት ቀጥሎ የባለቤቱን ምልክት የሚጻፍበት አራት ባይት ቦታ ተትቷል፤ ጂፒኬጂ ይጠቀምበታል። ሁሉም ስለማይጠቀም ግን መሣሪያው «እነዚህን አትንካ» የሚል ዝርዝር መያዝ አለበት። ለነገሩ ከሚነካው የማይነካው ዝርዝር የረዘመ ፕሮግራም የሚታመን ነው።

ከዚያም ቤተሰብ አለ። የጣናን ዳርቻ ወይም የእምቦጭን ስርጭት የሚያሳይ የተለመደ የካርታ ፋይል ብቻውን አይኖርም፦ ቅርጹ «ኤስኤችፒ» ውስጥ፣ ማውጫው «ኤስኤችኤክስ» ውስጥ፣ ስሙና መረጃው «ዲቢኤፍ» ውስጥ ነው፤ ሦስቱም እስከ ነጥቡ ድረስ አንድ ስም ሊኖራቸው ግድ ነው። ዲቢኤፉን ነጥሎ ስም የቀየረ ሰው ካርታውን ሲከፍት ደሴቶቹ በየቦታቸው አሉ፤ ክብራንና እንጦስ ግን ስም የለሽ ሆነዋል። የኤስኪውላይት ቤተሰብ ደግሞ የባሰ ስስ ነው። ፕሮግራሙ ሥራ ላይ እያለ ከዋናው ፋይል አጠገብ ያልተዘጋ ሒሳብ የሚጻፍበት ተጓዳኝ ፋይል ይፈጠራል። ዋናውን ብቻ ስም የቀየረ፣ ልጅን ከእናቱ ነጥሎ ሌላ አውቶቡስ ላይ እንዳሳፈረ ነው፤ የኤስኪውላይት ሰዎች ዳታቤዝ ከሚበላሽባቸው መንገዶች መካከል ይህን በስም ጠቅሰው አስጠንቅቀዋል። ዊንዶውስ ላይ የተከፈተ ፋይልን ስም ለመቀየር ሲሞከር አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ይላል፤ ሊኑክስ ሰርቨር ግን ጨዋ ነው፣ የታዘዘውን ይፈጽማል። እዚህ ላይ ጨዋነቱ አይጠቅምም።

«ኤልዲቢ» የተለየ አንቀጽ ይገባዋል። አክሰስ «ኤምዲቢ»ን ሲከፍት ማን ማን ገብቶ እንዳለ የሚመዘግብበት ትንሽ ፋይል «ኤልዲቢ» ይባላል፤ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ የቀረ ከሆነ ቢጠፋ ጉዳት የለውም። ይህን የተማረ ባለሙያ ጽዳት ሲያምረው «ኤልዲቢ» የሚለውን ሁሉ ይጠርጋል። ሌቭልዲቢ የተባለው ዳታቤዝ ግን ዋናውን መረጃ የሚያስቀምጠው በዚሁ ቅጥያ ነው። ያው ስም በአንዱ ቤት ቆሻሻ፣ በሌላው ቤት ንብረት ነው።

አማርኛ ሲጨመርበት ሥራው ይበልጥ ይጣፍጣል። መሣሪያው ቅጥያ የሚለው ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለውን ነው። እንግዲህ «የደመወዝ መዝገብ 2016 ዓ.ም» የተባለ ፋይል ቅጥያው ምንድን ነው? በማሽኑ ሕግ «ም» ነው። «እ.ኤ.አ» ብሎ የጨረሰው ደግሞ ቅጥያው «አ» ነው። ጥንቁቁ ጸሐፊ ሰዋስው ጠብቆ ከ«ም» በኋላ ነጥብ ቢጨምር ዊንዶውስ የመጨረሻዋን ነጥብ ሳያማክር ያነሣታል። እንዲህ ያለውን ፋይል የማያስተውል መሣሪያ «ም»ን ቆርጦ «ኤሲሲዲቢ» ይተካበታል፤ መዝገቡም «2016 ዓ» ሆኖ ይቀራል፤ ዓመት ይሁን ዓለም አይታወቅም። ስለዚህ ከነጥቡ በኋላ ያለው ከታወቁት ቅጥያዎች አንዱ ካልሆነ መቁረጥ ክልክል ነው፤ መጨመር ብቻ ነው የሚፈቀደው። የቢሮ አማርኛ የሚወደው እዝባርም አለ። «ባ/ዳር»፣ «ጽ/ቤት»፣ «ወ/ሮ» በደብዳቤ ላይ ያምራሉ፤ በፋይል ስም ላይ ግን እዝባር የፎልደር መለያ ስለሆነ አይገባም። አንዱ ሰረዝ፣ አንዱ ነጥብ፣ አንዱ ባዶ ቦታ ይተካበታል፤ ጽሕፈት ቤቱ በሦስት ስም ይኖራል። በነጥብ የተካው ደግሞ «ቤት» የሚል አዲስ ቅጥያ ለዓለም አበርክቷል።

የፊደሉ ስፋትም ወጪ አለው። አብዛኛው የሊኑክስ ዲስክ ለአንድ ስም 255 ባይት ይፈቅዳል። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ይወስዳል፤ ስለዚህ የአማርኛ ስም ጣሪያው 85 ፊደል ነው። ብዙ ይመስላል። «የ2016 በጀት ዓመት የዘጠኝ ወር ዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ለቋሚ ኮሚቴ የቀረበ የመጨረሻ የተስተካከለ» የሚለው ግን ገና ቅጥያ ሳይጨመርበት 157 ባይት በልቷል፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ደግሞ ገና አልተጻፈም። በጥቁሩ የዊንዶውስ ስክሪን ላይ እነዚህ ስሞች ብዙውን ጊዜ በተርታ የቆሙ ባዶ ሳጥኖች ሆነው ይታያሉ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ስክሪኑ የሚጠቀመው የፊደል ቅርጽ ግእዝ ስለሌለው ነው። ያም ሆኖ ሰባት ሳጥን ወደ ሰባት ሳጥን ይቀየራል የሚል ዘገባ አንብቦ «እሺ» የሚል ሰው ድፍረቱ ይደነቃል። ዘገባው ወደ ጽሑፍ ፋይል ተልኮ በኖትፓድ ቢነበብ ይሻላል።

አንድ ነገር ለግእዝ ፊደል ሊመሰገንበት ይገባል፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። ላቲኑ ግን አለው፤ ዊንዶውስ ሁለቱን እንደ አንድ ሲያይ ሊኑክስ ይለያቸዋል። በዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ ላፕቶፕ ላይ የሠራ ፕሮግራም ሰርቨር ላይ ሲወጣ «ፋይሉ የለም» የሚለው ብዙ ጊዜ ቅጥያው በትልቅ ፊደል ስለተጻፈ ነው። ሁሉን ወደ ትንሽ ፊደል ማውረድ ከመሣሪያው ሥራዎች ቀላሉና አመስጋኝ የሚበዛበት ነው።

ስም ሲስተካከል ሞክሼ ይፈጠራል። «ውኃ.ዲቢ» እና «ውኃ.ኤስኪውላይት» ሁለቱም ኤስኪውላይት ሆነው ቢገኙ፣ ሁለቱም አንድ ስም ሊይዙ ነው። የዶሱ ትእዛዝ በእንዲህ ያለ ጊዜ አልችልም ብሎ ይቆማል። የሊኑክሱ ግን ካልተከለከለ በቀር አንዱን በሌላው ላይ ጭኖ ዝም ይላል፤ የታችኛው አይመለስም። ስለዚህ ደህና መሣሪያ ሁለት ልማድ ሊኖረው ይገባል። አንደኛው «ሳትነካ አሳይ» የሚባለው ማዘዣ ነው፤ ምን ወደ ምን ሊቀየር እንደታሰበ ይዘረዝራል፣ ምንም አያደርግም። ሁለተኛው እያንዳንዱን ስም ከመቀየሩ በፊት የድሮውንና የአዲሱን ስም በመመለሻ መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። የአንድ ፋይል ስም መቀየር ራሱ ቅጽበት ነው፤ አክሰስ የሚፈቅደውን 2 ጊጋ ባይት የሞላ ፋይል እንኳ ቢሆን የሚለወጠው ስሙ ብቻ ስለሆነ ከኪሎ ባይቱ እኩል ይፈጥናል። አደጋው በ400ኛውና በ401ኛው ፋይል መካከል መብራት ሲጠፋ ነው። ባሕር ዳር ለጢስ ዓባይ ጎረቤት ናት፤ የመጀመሪያው ማመንጫ እዚያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ከጣና ውኃ እየወሰደ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው በለስም በ2010 ተመርቋል። መብራት ግን ጎረቤት አይመርጥም። ሲመለስ የትኛው ፋይል ተቀይሮ የትኛው እንደቀረ የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው።

ከዚህ መሣሪያ የማይጠበቀውንም መናገር ያስፈልጋል፤ ቅር የሚሰኝ አይጠፋምና። ስም መቀየር ይዘት መቀየር አይደለም። «ኤምዲቢ»ን «ኤሲሲዲቢ» ማለት ውስጡን ከጄት ወደ ኤስ አያሸጋግረውም፤ ለዚያ አክሰስን ከፍቶ በአዲሱ ዓይነት ማስቀመጥ ያሻል። በየቢሮው «ዳታቤዛችን» የሚባለው ኤክሴል መሆኑንም አያድነውም። የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት ይህን በውድ ዋጋ ተምረውታል፦ በመስከረም መጨረሻ 2020 የኮቪድ ምርመራ ውጤቶችን ከ65,536 ረድፍ በላይ በማይዘው በድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ሲያጠራቅሙ፣ የተረፈው ረድፍ እየተቆረጠ ወደ 16,000 የሚጠጉ በሽተኞች ከቆጠራው ቀሩ። እዚያ ላይ በስም መጨረሻ አንድ ፊደል መጨመር ብቻ አይበቃም ነበር፤ አሠራሩ ራሱ መለወጥ ነበረበት። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን የተጻፈ የአማርኛ መዝገብም አለ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ 345 ቦታ አግኝቶ የገባው በ1999 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የተጻፈው ፊደሉን በላቲን ኮድ ላይ አሳድሮ ነው። ቅጥያው ተስተካክሎ፣ ዳታቤዙ ተከፍቶ፣ የሠራተኛው ስም የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ድብልቅ ሆኖ ቢታይ ጥፋቱ የቅጥያ አስተካካዩ አይደለም። የተሰበረ ቋት ላይ አዲስ ክዳን ተገጥሟል፤ ክዳኑ ግን ልኩ ነው።

ሥራው የሚሠራበት ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፋይል የከፈተ ሰው የለም፣ ሰርቨሩን የሚጠይቀውም የለም። መጀመሪያ ፎልደሩን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፤ ቀጥሎ «ሳትነካ አሳይ» ብሎ ዝርዝሩን አትሞ ማንበብ፤ የወሊድ ፈቃድ ላይ ላሉት ባለሙያ ደውሎ የትኛው ደመወዝ እውነተኛው እንደሆነ መጠየቅ፤ ከዚያ ማዘዝ። የተገለበጠው ዲስክ በሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ላዩ ላይም ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፍ። ወረቀቱ ላይ «የመጨረሻ» የሚል ቃል እንዳይጻፍ።